በ22ኛው ሳምንት ጎጃም፦ አንድ ክሊኒክና አንዲት አዋላጅ

ጥር ላይ ከጀርመን ተነስቼ ቢቸና አቅራቢያ እናቴ ቤት ሰነበትኩ። የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ በግራ እንቁልጢዬ (እንቁላል በሚያመነጨው አካል) ላይ 6 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሲስት፣ ማለትም ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ አለ። እንደ እኔ ሲስት ወይም እንዶሜትሪዮሲስ (ምንነቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ) እያለባቸው አርግዘው አገር ቤት መግባት የሚያስቡ እህቶች ብዙ ስለሆኑ ያጋጠመኝን እጽፋለሁ። ክሊኒኩ ያደረገኝ አሁንም ያንገበግበኛል።

ከመንገዱ ልጀምር። ከአዲስ አበባ የወሰደን ሹፌር ምስጋና ይገባዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ ነዳው፤ በየሰዓቱም «እህቴ፣ ትንሽ እግርሽን አፍታቺ» እያለ ያቆምልኝ ነበር። ለነፍሰ ጡር ረጅም ሰዓት ቁጭ ማለት ለደም መርጋት ስለሚያጋልጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያረፍንበት ሆቴልም ንጹሕ ነበር፤ ሙቅ ውኃ ግን ጠዋት ብቻ ነው።

ቤት ስንደርስ አውድማው ላይ ጤፍ ይወቃል። የገለባውን ሽታ ሳሸተው እንባዬ መጣ። ስምንት ዓመት ሙሉ የናፈቀኝ ለካ እሱ ኖሯል።

በአራተኛው ቀን ሌሊት ግራ ጎኔን ወጋኝ። ሕመሙ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ከ15 ዓመቴ ጀምሮ በየወሩ እየተጠቀለልኩ ከትምህርት ቤት ስቀር እናቴ ጨው አሙቃ በጨርቅ ቋጥራ ሆዴ ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር፤ ጎረቤቱም «ስትወልጂ ይተውሻል» ይለኝ ነበር። ስሙን ያወቅሁት ጀርመን አገር፣ በ29 ዓመቴ ነው። እንዶሜትሪዮሲስ ማለት የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ በእንቁልጢ፣ በአንጀት ወይም በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ሲበቅል ነው። የወር አበባ በመጣ ቁጥር እሱም ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። እንቁልጢ ላይ ሲጠራቀም ስለሚጠቁርና ስለሚወፍር «ቸኮሌት ሲስት» ይባላል። በመላው ዓለም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ ይህ ሕመም አለባቸው። በእኛ መንደርስ ስንቶቹ ሴቶች «ሆድ ቁርጠት ነው» ተብለው ኖሩ ብዬ ሳስብ ልቤ ይደማል።

ሌሊቱ እንደነጋ ሰው የመራን የግል ክሊኒክ ሄድን። ስሙን አልጠራም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ደረስን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ፓስፖርቴን ስታይ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ስትመለስ ዋጋው ሌላ ሆነ። ከፊቴ የነበረችው ነፍሰ ጡር ለአልትራሳውንድ 400 ብር ስትከፍል በዓይኔ አይቻለሁ፤ እኔ 1,600 ተባልኩ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን አወጣሁ። «እሱ ለቪዛ ነው» አለችኝ። እናቴ «ልጄ እኮ ናት፣ እዚሁ ቢቸና የወለድኋት» ብላ ለመነቻት። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

ሕመሙ ስላስጨነቀኝ ከፍዬ ተቀመጥኩ። 3 ሰዓት ሆነ፤ 4 ሰዓት ሆነ። ሐኪሙ «መንገድ ላይ ነው» ይሉናል። ወንበሩ ላይ በጎኔ ተጋድሜ፣ ሽንት ቤት ስሄድ ውኃ የለም። 6 ሰዓት ላይ ስጠይቅ «ምሳ ወጥቷል» ተባልኩ፤ ሳይገባ ምሳ የወጣ ሐኪም ያየሁት ያን ቀን ነው። 8 ሰዓት ላይ ተጠራሁ።

ምርመራው ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ስለ ሲስቱ ልነግረው ስጀምር እጁን አንስቶ አስቆመኝ። «ትልቅ ዕጢ ነው። ካንሰር ሊሆን ይችላል። ነገ ጠዋት መውጣት አለበት» አለ፣ እናቴ አጠገቤ ቆማ እየሰማች። መቀነቷን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀረች፤ ጣቶቿ ሲነጩ አየሁ። በዚያች ደቂቃ ለራሴ ሳይሆን ለእሷ ፈራሁ።

ጀርመን አገር ለነፍሰ ጡር የክትትል ደብተር ይሰጣል። ያንን ዘርግቼ «ይኸው፣ ሲስቱ የታወቀ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ተለክቷል» አልኩት። ጀርመንኛ አላነብም አለ። በዚህ አልፈርድበትም። ስንቅና ልብስ ስሸክፍ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ማስጻፍ ነበረብኝ። የሚያስቆጣኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። «ለካንሰር» ሲኤ 125 የሚባል የደም ምርመራ ወደ አዲስ አበባ እንዲላክ 3,800 ብር፣ ለቀዶ ሕክምናው ማስያዣ እስከ ማታ 40,000 ብር፣ ለሕመሙም የዳይክሎፌናክ መርፌ። ሲኤ 125 እኮ በእርግዝናም በእንዶሜትሪዮሲስም ከፍ ይላል! ሁለቱም ላለብኝ ለእኔ ምን ሊነግረኝ? ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የእንሽርት ውኃውን ሊቀንሱ ስለሚችሉ ያለ ብርቱ ምክንያት አይሰጡም። ይህን የማውቀው ዓመታት በዚህ በሽታ ስለኖርኩ ነው። የማታውቅ እህት ግን ክንዷን ዘርግታ ትወጋለች፤ ባሏም በሬውን ሸጦ ማስያዣውን ይከፍላል።

መርፌውን አልፈልግም ብዬ ወጣሁ። አስቀድሜ የከፈልኩትን የመርፌውን ዋጋ አልመለሱልኝም፤ ደረሰኝ ስጠይቅም «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተባልኩ። የምኖርበት አገር ሦስቱ መደበኛ የእርግዝና አልትራሳውንዶች በመድን ይሸፈናሉ፤ ሴት እየታመመች ስለ ዋጋ አትከራከርም። እዚያ ሁሉ ነገር ሙሉ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሕመሜ ስም እስኪያገኝ አራት ዓመት «የወር አበባ ነው፣ ይለመዳል» ተብያለሁ።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ፣ የመንግሥት ሆስፒታል ገባን። ወረፋው ረጅም ነው፤ አራት ሰዓት ያህል ጠብቄአለሁ። አጠገቤ የሰባት ሳምንት ነፍሰ ጡር የሆነች ልጅ ታለቅስ ነበር፤ የሆነ ቦታ 3 ሳንቲ ሜትር ሲስት አለብሽ፣ ይውጣ ብለዋታል። አዋላጇ ሰምታ መጣችና ቁጢጥ ብላ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «እህቴ፣ ይሄ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሉ የወጣበት ቦታ ነው። እርግዝናውን የሚይዘውን ሆርሞን አሁን የሚያመነጨው እሱ ነው። የእንግዴ ልጁ ሥራውን ሲረከብ ራሱ ይሟሽሻል። ሐኪሙ ያይሻል፣ ከ14 እስከ 16 ሳምንት ባለው ጊዜ ደግመን እናየዋለን» አለቻት። አሁን ቸኩለው ቢያወጡት ጽንሱ ሊወርድ እንደሚችልም ነገረቻት። ልጅቷ በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች።

ተራዬ ሲደርስ ያችው አዋላጅ የአልትራሳውንዱን ቅባት ብልቃጥ በሁለት መዳፏ መሃል ይዛ እያሸች አሞቀችው። «ይቀዘቅዛል፣ ልጁ ይደነግጥብኛል» አለች። ትንሽ ነገር ናት፤ ጀርመን አገር ግን አንድም ሰው አድርጎልኝ አያውቅም።

የማህፀንና ጽንስ ሐኪሙ ደብተሬን ተቀብሎ ቁጥሮቹን ብቻ አነበበ፤ ቁጥር ቋንቋ የለውምና። ለካ፦ 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል። የደም ዝውውሩን አየ፤ እንቁልጢው አልተጠማዘዘም። ሕመሙ የመጣው ማህፀኑ ሲያድግ እንዶሜትሪዮሲሱ የተወውን ጠባሳ እየሳበው ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። ፓራሲታሞልና ዕረፍት አዘዘ። በእርግዝና ላይ ሲስት የሚወጣው ከተጠማዘዘ፣ ከፈነዳ፣ በጣም ከተለቀ ወይም መልኩ ካጠራጠረ ነው፤ በቀጠሮ የሚደረግ ከሆነም የሚመረጠው ከ14ኛው ሳምንት በኋላ ያለው ሁለተኛው ሦስት ወር ነው። ቸኮሌት ሲስት በእርግዝና ጊዜ ግድግዳው አብጦ በአልትራሳውንድ ካንሰር ሊመስል እንደሚችል፣ ስለዚህም በጥንቃቄና በድጋሚ መታየት እንዳለበት ሲያስረዳኝ ክሊኒኩ ያወራው «ካንሰር» ከየት እንደመጣ ገባኝ።

ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እርስዎ» እያለ፣ ጊዜ የማይሰጠውን ሕመም ነገራት። ድንገት በአንድ ጎን የሚቆርጥ ሕመም ከማስታወክ ጋር፣ ትኩሳት፣ ደም መፍሰስ፣ ራስን መሳት፤ ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልገው እንዲያመጡኝ። እናቴ ጣቶቿን እያጠፈች ደገመችለት። «ስትወልድስ ይተዋታል?» ብላ ጠየቀች። «እርግዝናና ጡት ማጥባት የወር አበባውን ስለሚያቆሙ ሊያስታግሱት ይችላሉ እናቴ፣ ግን አያድኑትም» አላት። ይህን ለእናቴ በአማርኛ፣ በእርጋታ የነገራት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። የነፍሰ ጡር ክትትል በነጻ ነው ብለውም ለአልትራሳውንዱ አላስከፈሉኝም።

ለምትሄዱ እህቶች፦ የሲስቱን መጠን፣ በየትኛው ጎን እንዳለና መቼ እንደተለካ በእንግሊዝኛ አስጽፋችሁ ያዙ። የእንግዴ ልጁ የተቀመጠበት ቦታም ይጻፍ፤ እንዶሜትሪዮሲስ ያለባት ሴት የእንግዴ ልጇ የማህፀን አፍ ላይ የመሆን ዕድሉ ከሌላው ከፍ ያለ ነው። የሚያስገድድ ምልክት ሳይኖር «ነገ ጠዋት» የሚላችሁ ካለ ሁለተኛ ሐኪም ሳያያችሁ አትፈርሙ። እናታችሁንም ይዛችሁ ግቡ፤ ግን የሚያስደነግጧት ቦታ አታስገቧት።

ልጄ ግንቦት ላይ በሰላም ተወለደ። ደብረ ማርቆስ ደውዬ አዋላጇን ሳገኛት እልል ካለች በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የግራውስ?» ብላ ነው። 4 ሳንቲ ሜትር ሆኗል አልኳት።