ስታዲየም አካባቢ ያለው የቅዳሜ ጠዋት የአብዶ ስልጠና

አብዶ፣ ማለትም ተከላካይን ሸውዶ ማለፍ፣ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እግርን ነው። አዲስ አበባ፣ ስታዲየም አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት ከ12፡30 እስከ 2፡00 ሰዓት የሚሰጠው የታዳጊዎች ስልጠና ግን ከአንገት በላይ ይጀምራል፤ ትልቁ ብልጫውም ይኼ ነው። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ኳስ የለም። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ በጭንቅላቱና በትከሻው ይሸውዳል፣ ሌላው ይከተላል።

አካሄዱ ትክክለኛ ነው። ተከላካዩ ጋ ለመድረስ 2 ሜትር ያህል ሲቀር ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይታጠፋል። ወደ ግራ አስመስሎ በቀኝ ለመውጣት የግራ እግር ወደ ጎን ወጣ ብሎ ይተከላል፣ የግራ ትከሻ ዝቅ ይላል፣ ጭንቅላትና ዓይን ወደዚያው ይሄዳሉ። ኳሷ አትነካም። ከዚያ የተተከለው እግር መሬቱን ይገፋል፣ ቀኝ እግር በውጭ ጎኑ ኳሷን ወደ ቀኝ ያወጣታል፣ ቀጣዮቹ 3 እርምጃዎች በሙሉ ኃይል ይሮጣሉ። እነሱ ከሌሉ የተሸወደውም ተከላካይ ዞሮ ይደርሳል።

ብዙ ልጅ የሚበላሽበት ችኮላው ላይ ነው። ሰው ያየውን ተረድቶ ሰውነቱን እስኪያንቀሳቅስ 0.2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ጭንቅላት ከዚያ በፊት ከተመለሰ ተከላካዩ አይነቃነቅም፤ ያልተነቃነቀ ደግሞ አይታለፍም። አሰልጣኙ «አሳየው፣ ጠብቀው፣ ሂድ» እያለ የሚቆጥረው ለዚህ ነው፤ ጥሩ ዘዴ ነው። ሁለተኛው ስህተት አንገት ብቻውን ሲነቀነቅ ነው። ልምድ ያለው ተከላካይ ወገብና ኳስ ነው የሚያየው፤ የሚሸውደው ልጅ ትከሻ ካልወረደ፣ ክብደቱም ወደተተከለው እግር ካልሄደ አያምንም።

በዚህ ስልጠና በጣም ደስ የሚለው ተረከዝ እንዲታይ መደረጉ ነው። ተከላካዩ ሲሸወድ ክብደቱ ወደ አንድ እግር ይሄዳል፣ የሌላኛው እግር ተረከዝ ከመሬት ብድግ ይላል። መውጫው ቅጽበት እሱ ነው። ይህን ማየት የለመደ ልጅ በግምት አይሄድም።

ለአንድ ወር አንድ አብዶ ብቻ መደጋገሙን የሚያማርሩ ወላጆች አሉ። አሰልጣኙ ልክ ነው። በ1958 እና በ1962 እ.ኤ.አ. ከብራዚል ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሳው ጋሪንቻ ብዙውን ጊዜ በቀኝ እንደሚወጣ ተከላካዮቹ ያውቁ ነበር፤ ማወቃቸው አላዳናቸውም፣ መቼ እንደሚሄድ አያውቁማ።

ጉድለቱ ኮን፣ ማለትም ሜዳ ላይ የሚደረደረው የፕላስቲክ ምልክት፣ ላይ ነው። ግማሽ ያህሉ ሰዓት በኮን መሃል በመንዳት ያልቃል፤ ኮን ደግሞ አይሸወድም። ልጆቹ አቀርቅረው ኳሷን ብቻ እያዩ ይነዳሉ፣ መጀመሪያ ላይ የተማሩት በጭንቅላት መሸወድ ይረሳል። ከኮን ይልቅ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በእርምጃ ብቻ የሚከላከል ልጅ ማቆም ይሻላል። ዕረፍቱም አጭር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ለ4 ሰከንድ በሙሉ ኃይል የሮጠ ልጅ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ትንፋሹን መሰብሰብ አለበት። በ10 ሰከንድ ዕረፍት እግር ይዝላል፣ የዛለ እግር መሬት አይገፋም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ድግግሞሽ የሚያስለምደው ስህተቱን ነው።

ሜዳው ሰው ሰራሽ ሳር ስለሆነ ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ አታድርጉላቸው። የተተከለው እግር ሳሩ ውስጥ ተይዞ ይቀርና ሰውነት ሲዞር ጉልበት ይጠመዘዛል። ሶሉ ላይ ትናንሽ ጥርሶች የተደረደሩበት ጫማ ይበቃል።

ኳስ ሳያይ መንዳት ለማይችል ልጅ ይህ ስልጠና ገና ነው፤ ለመሸወድ ቀና ባለ ቁጥር ኳሷ ታመልጠዋለች። መጀመሪያ እሱን ይልመድ፣ ከዚያ አስመዝግቡት።