ካልቸር ወይስ ሌዘር?

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ የግመል ወተት ስገዛ ሁሌ አንድ ነገር ያሳስበኛል። እኔ አፍልቼ ነው የምጠጣው፤ ጥሬውን የሚወድ ግን ብዙ ነው። በድሬ ሙቀት ደግሞ ባክቴሪያ ለመራባት ጊዜ አይፈጅበትም። ሆድ የሚያሳምመው ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ቢኖርበት በምን ይታወቃል?

የቆየው መንገድ ካልቸር ነው። ናሙናው ለባክቴሪያ የሚሆን ምግብ ላይ ይደረግና 37 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣል። ሳልሞኔላን ለማረጋገጥ ቀናት ይወስዳል። እስከዚያ ወተቱ ተጠጥቶ አልቋል!

ሌላው በሌዘር ብርሃን የሚመረምረው፣ ሰርስ (SERS) የሚሉት ነው። መነሻው ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ራማን በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው ነገር ነው፦ ሞለኪውሎች ያረፈባቸውን ብርሃን እያንዳንዳቸው በራሳቸው መልክ ይበትኑታል። እንደ አሻራ በሉት። ችግሩ ምልክቱ በጣም ደካማ መሆኑ ነው። ባክቴሪያው ደቃቅ የወርቅ ወይም የብር ቅንጣት ሲጠጋ ግን ምልክቱ በሚሊዮን እጥፍ ሊጎላ ይችላል። ሌዘሩ በሰከንዶች ያነባል። ዝግጅቱ ነው ጣጣው። የወተቱ ስብና ፕሮቲን ምልክቱን ስለሚረብሹ ባክቴሪያውን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለጥድፊያ ሌዘሩን እመርጣለሁ። ሰው ከታመመ በኋላ ግን ወደ ካልቸር እሄዳለሁ። በሕይወት ያለውን ባክቴሪያ ያሳድጋል፤ የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚገድለውም እዚያው ይሞከራል። ዋጋውም ቢሆን ከሌዘሩ ማሽን በጣም ይረክሳል።