የፖሊሽ ማሽን ገዝቼ ወራት ሠራሁበት፤ የትኛው ጭረት ለቀቀ፣ የትኛው አልለቀቀም

ማሽኑን የገዛሁት መስቀል ሰሞን ነው። አሁን ክረምት ሊገባ ነው። በዚህ መሐል በራሴ ጥቁር ኮሮላ፣ በወንድሜ ነጭ ቪትዝ፣ ከዚያም በጎረቤቶቼ መኪኖች ላይ ሠርቼበታለሁ። እጀታው ወዝቷል፣ ገመዱ ተጠማዟል፣ ፓዶቹም (ቀለሙን የሚያሹት ክብ ስፖንጆች) ተቀያይረዋል። ስለ ዕቃው በልበ ሙሉነት መናገር የሚቻለው እዚህ ሲደርስ ይመስለኛል።

ዱዋል አክሽን የሚባለው ዓይነት ነው። ፓዱ በራሱ ዙሪያ እየዞረ፣ ከመሐሉ ወጣ ብሎ ደግሞ ይወዛወዛል። የውዝዋዜው ስፋት 15 ሚሊ ሜትር፣ ኃይሉ 900 ዋት፣ የፓድ መያዣው ፕሌት 5 ኢንች ነው። ፍጥነቱ ከ1 እስከ 6 ይስተካከላል። ይኸው ማሽን በብዙ ስምና ቀለም ስለሚሸጥ ከብራንዱ ይልቅ እነዚህን ቁጥሮች ያዙ።

ቀለም ቤቶች በብዛት የሚይዙት ሮታሪ የሚባለው ማሽን ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞረው። በለመደ እጅ በጣም ፈጣን ነው። ያልለመደ ሰው ከያዘው ሙቀቱ ጠርዝ ላይ ያለውን ቀለም ወዲያው ያቃጥላል። በበግ ፀጉር ፓድ ተሠርቶ በለስላሳ ስፖንጅ ካልተደገመ ደግሞ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ማሽኑ የዞረበት ዱካ ይታያል። ዱዋል አክሽን ቀስ ይላል፣ ነገር ግን ቀለሙን ቶሎ አይጎዳም። ለቤት ሰው የምመክረው እሱን ነው።

ውጤቱን ከመናገሬ በፊት ግን ጭረት እንዴት እንደሚጠፋ እንግባባ። ፖሊሽ ጭረትን አይሞላም። ዙሪያውን እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ። የፋብሪካ ቀለም ከነፕራይመሩ (ከቀለሙ ሥር ከሚቀባው መነሻ) ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ላይኛው ክሊር (ቀለም የሌለው ግልጽ ሽፋን) ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ከአንድ የራስ ፀጉር ይሳሳል ማለት ነው። ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀውም ይኸው ስስ ክሊር ነው። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የምትቀንሱት ከዚህ ላይ ነው፣ ያነሳችሁትን ደግሞ መመለስ አይቻልም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ጥፍር ነው። ጭረቱን በአግድም አቋርጣችሁ ጥፍራችሁን ጎትቱ። ጥፍሩ ሳይዝ ካለፈ ማሽኑ ያነሳዋል። ከያዘ ጠርዙን አለስልሳችሁ ዓይን እንዳይስብ ታደርጉታላችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። ነጭ ወይም ግራጫ ፕራይመር ከታየ ጉዳዩ የቀለም ቤት ነው።

በእኔ ኮሮላ ላይ ሦስት ዓይነት ጭረት ነበር። የሹፌር በር ላይ አንድ ሰው በቁልፍ የሳበው ረጅም መስመር አለ። ጥፍር ይይዛል። ጠርዙ ለስልሷል፣ ከሁለት እርምጃ ርቀት አይታይም፣ ቀረብ ሲባል ግን እዚያው ነው። እንዳለ ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ በላይ መቆፈር ክሊሩን መጨረስ ነው።

ለዓይን በጣም አስፈሪ የነበረው ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ሆኖ ተገኘ። የኋላ ባምፐር ጥግ ላይ መዳፍ የሚያክል ነጭ ጭረት ነበር። አብዛኛው የእኔ መኪና ቁስል ሳይሆን ከሌላ መኪና ተላልፎ የተለጠፈ ቀለም ነበር። ኮምፓውንድ (ቀለም የሚፍቅ ቅባት) ነክቼ በመካከለኛ ፍጥነት ስሄድበት ነጩ ተነሳና ከሥሩ ጥቂት ቀጫጭን መስመሮች ብቻ ቀሩ። ቀለም ቤት ሄዳችሁ «ባምፐሩ በሙሉ ይቀባ» ከመባላችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ማሽኑ ገንዘቡን የመለሰልኝ ግን በጥቃቅኖቹ ነው፤ ጥቁር ቀለም ላይ ፀሐይ ሲያርፍ እንደ ሸረሪት ድር የሚታዩት። ዋነኛ ምንጫቸው እጥበት ነው። ብዙ ላቫጆ ቤት በአንድ ባልዲና በአንድ ጨርቅ ከጎማ እስከ ጣሪያ ይታጠባል። ጎማ ላይ የነበረው አሸዋ ኮፈን ላይ ይወጣል። በጋ ላይ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ማድረጉም ያው ነው። የኋላ ኮፈኔ ላይ ልጆች በጣታቸው አቧራው ላይ «እጠበኝ» ብለው ጽፈው ነበር። መኪናው ታጥቦ ደርቆም፣ የስልክ መብራት በሰያፍ ሲበራበት ፊደሎቹ ቁልጭ ብለው ይነበቡ ነበር። የጣት ጫፍ አቧራውን እየገፋ ክሊሩን ፍቆታል። መጀመሪያ «ጠ» ደበዘዘ። «እ» ጠለቅ ብሎ የተጻፈ ስለነበር በሁለተኛው ዙር ነው የለቀቀው። አሁን መብራቱን ከየትኛውም ወገን ባበራ ምንም አይነበብም።

ልምምዱን መኪናዬ ላይ አልጀመርኩም። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ለመለዋወጫነት የማይሆን፣ ቀለሙ ግን ያለ አሮጌ በር ወይም ኮፈን ፈልጉ። ግማሹን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑና ሌላው ግማሽ ላይ ሥሩ። ከዚያ አንዱን ጥግ ሆን ብላችሁ እስኪበሳ ፈትጉት። በውሃ ያራሳችሁትን ባለ 2000 ብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉበት የሚወጣው እጣቢ መጀመሪያ ወተት ይመስላል። ያ ክሊሩ ነው። እጣቢው የመኪናውን ቀለም መያዝ ሲጀምር ክሊሩ አልቋል። ይህን ምልክት አንድ ጊዜ አሮጌ ብረት ላይ ያየ ሰው የራሱ መኪና ላይ የት ማቆም እንዳለበት ያውቃል።

ሌላው የተማርኩት ፕሌቱ ጎን ላይ በማርከር መስመር ማስመር ነው። ማሽኑ ሲሠራ መስመሩ እየዞረ ከታያችሁ ፓዱ እየቆረጠ ነው። መስመሩ ቆሞ ከተንቀጠቀጠ ግን መዞሩን ትቶ እየተወዛወዘ ብቻ ነው፣ ሥራ የለም። ብዙ ሰው ጭረቱ እንዲለቅ ይጫናል። በዚህ ዓይነት ማሽን ግን ሲጫኑት መዞሩን ያቆማል። የማሽኑ ክብደትና የእጃችሁ ክብደት ይበቃዋል። የበር እጀታ አካባቢና የፓራፋንጎ ጥምዝ ላይ ባለ 15 ሚሊ ሜትሩ በትንሹም ስለሚቆም እዚያ ማሽኑን ገልበጥ አድርጎ አለመያዝ፣ ፓዱን ጠፍጣፋ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

አሠራሬ እንዲህ ነው። መኪናውን አጥቤ፣ ሲዳሰስ የሚሻክረውን ቆሻሻ በክሌይ (ቆሻሻ በሚያነሳ ለስላሳ ጭቃ መሰል ነገር) አነሳለሁ። ሕንፃ የሚሠራበት ሰፈር ለቆመ መኪና ክሌይ የግድ ነው፣ አለዚያ የሲሚንቶውን ብናኝ በፓድ ታሹታላችሁ። ጠርዞችንና የመስኮት ጎማዎችን በፕላስተር እሸፍናለሁ። ከዚያ ሃምሳ በሃምሳ ሳንቲ ሜትር የምታህል ቦታ እይዛለሁ። አራት ጠብታ ኮምፓውንድ በ1 ፍጥነት አዳርሼ፣ ወደ 4 ወይም 5 ከፍ አድርጌ፣ አንዴ በቁም አንዴ በአግድም ቀስ ብዬ እሄዳለሁ። የምጠቀመው የሜጓየርስን ኤም 105 ለመቁረጥ፣ ኤም 205 ለማሳመር ነው። ኤም 105 ጠንካራ ነው፣ ግን ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቃል። አዲስ አበባ ላይ በቀትር መሥራት አይታሰብም፤ ጠዋት ብረቱ ሳይሞቅ ወይም ጥላ ሥር ነው።

እያንዳንዱ ቦታ ሲያልቅ አልኮል በውሃ አቅጥኜ እጠርገዋለሁ። ይህች ደረጃ ብዙዎች የሚዘሏት ናት። አንዳንድ ፖሊሾች ዘይትና ሰም ስላለባቸው ጭረቱን ለጊዜው ይደብቁታል። «ተፖለሸልኝ፣ ከሁለት እጥበት በኋላ ተመለሰ» የሚባለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። በአልኮል ተጠርጎም ያልታየ ጭረት ግን በእውነት ወጥቷል።

የወንድሜ ቪትዝ ላይ ሌላ ነገር አየሁ። ፓዱ ነጭ በነጭ ሆነ። የበሩ ምሰሶ ላይ ባለው ሰሌዳ ኮዱ 040 ነው፣ የቶዮታ ሱፐር ዋይት። ይህ ቀለም ብዙ ጊዜ ክሊር የለውም፣ ስለዚህ ፓድ ቢነክር አያስደነግጥም። እንደ 1F7 ያለ ክሊር ያለው ብርማ ቀለም ላይ ፓዱ ቀለም ከያዘ ግን ወዲያው ማቆም ነው። በተለይ እኛ አገር ሳይቀባ የቀረ አሮጌ መኪና ማግኘት ስለሚከብድ፣ የተቀባውን ለዩ። ስቱኮ የበዛበት ቦታ ማግኔት በደንብ አይዝም። እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ ክሊሩ አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ስስ ስለሚሆን በለስላሳ ፓድ ብቻ ነው የምሄደው።

አሁን ስለ ማሽኑ ድካም። ሞተሩ አላስቸገረኝም። መጀመሪያ የተጎዳው ፓዱ የሚጣበቅበት የፕሌቱ ቬልክሮ ነው። መሐሉ በሙቀት ቀልጦ ጥርሱ ጠፋ፣ ፓዱም እየሸሸ መዞር ጀመረ። ፕሌቱን ቀይሬ ፓዶችን እያፈራረቅኩ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ አልተደገመም። ገመዱ አጭር ነው፣ ያለ ኤክስቴንሽን መኪናውን አይዞርም። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲዳከም ደግሞ ፍጥነቱ ወዲያው ይወርዳል፣ ፓዱም መዞር ያቆማል። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ እኔ ማሽኑን አስቀምጣለሁ። ንዝረቱ ለረጅም ሰዓት ይከብዳል፤ መኪናውን በሁለት ቀን ከፍሎ መሥራት ይሻላል።

በተረፈ የደበዘዙ የፊት መብራቶችንም ሠርቼበታለሁ። በ1000፣ በ2000ና በ3000 ወረቀት አስከትዬ ስፖልሸው መስታወት ይሆናል። ከላይ የፀሐይ መከላከያ ካልተቀባበት ግን ቢጫው ይመለሳል።

ልግዛ ወይስ ይቅር ለሚል፦ አንድ መኪና ብቻ ካላችሁና ጥቂት ጭረት ከሆነ፣ በዱዋል አክሽን የሚሠራ ባለሙያ ፈልጋችሁ አሠሩ። በቤተሰብ ሁለት ሦስት መኪና ካለ፣ ወይም መኪናችሁ የሥራ መኪና ሆኖ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የሚጋፋ ከሆነ ግዙት። ገንዘባችሁን ከማሽኑ በላይ የሚበሉት ፓዶቹ ናቸው። ስለዚህ ስትገዙ ውድ ማሽን ከአንድ ፓድ ጋር ከመውሰድ፣ መካከለኛ ማሽን ከአምስት ስድስት ፓድና ከአንድ ትርፍ ፕሌት ጋር ውሰዱ።