ወደ ሌህ በስሪናጋር ወይስ በማናሊ?

አምስት ስድስት መኪና ይዞ በሰሜን ሕንድ ወዳለው ተራራማው ላዳክ፣ ወደ ዋና ከተማው ሌህ ለሚወጣ ቡድን ትልቁ ጥያቄ የመኪና ምርጫ አይደለም። በየት በኩል እንውጣ የሚለው ነው።

የማናሊው መንገድ ውብ ነው፤ ግን ያስቸኩላል። ማናሊ 2,050 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በ2020 የተከፈተው 9 ኪሎ ሜትር የአታል ዋሻ የሮታንግን አቀበት ስላስቀረ፣ መኪናው በአንድ ቀን በመንገዱ አጋማሽ ላይ ያለችው ማደሪያ ሳርቹ ይደርሳል። ሳርቹ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ናት። መኪናው ቻለ ማለት ሰውነት ቻለ ማለት አይደለም። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ራስ ይፈልጣል። ጠዋት የጫማ ክር ማሰር እንኳ ያለከልካል። በማግስቱ ከ5,300 ሜትር በላይ ያለውን ታንግላንግ ላ (“ላ” የተራራ ማለፊያ ማለት ነው) የሚሻገረው ይሄው ሾፌር ነው። አንድ ሰው ከታመመ ጉዞው በሙሉ ይቆማል።

የስሪናጋሩ ሰውነትን ቀስ በቀስ ከፍታውን ያስለምዳል። ዞጂ ላ 3,528 ሜትር ነው። ጠባብና ጭቃማ ስለሆነ ተራርቆ መንዳት ይፈልጋል። ማታ ግን ወደ ካርጊል፣ ወደ 2,700 ሜትር አካባቢ ተወርዶ ይታደራል። በዚህ መስመር ከፍተኛው ፎቱ ላ ራሱ 4,108 ሜትር ነው።

ሞተሩም ላይ ልዩነቱ ይታያል። ቱርቦ የሌለው በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ደካማውን መኪና ከፊት አድርጉት፤ ሌላው በእሱ ፍጥነት ይሂድ።

እኔን ብትጠይቁኝ በስሪናጋር ውጡ፣ ሌህ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ በማናሊ ተመለሱ። ያኔ ሰውነታችሁ ለምዷል። ብቻ ከሌህ ስትነሱ ነዳጅ ሙሉ፤ በዚያ መስመር ማደያ እንደልብ አይገኝም።