«ካልገጠመ ትመልሰዋለህ» ለሚል የፋይበር ኮፈን ሻጭ ብር እንዳትቆጥሩ

የፋይበር ግላስ ኮፈን (የሞተር ክዳን) ለመግዛት ያሰባችሁ፣ በተለይ ለመጀመሪያው ቶዮታ ቪትዝ (እንደ ፈረንጆቹ ከ1999 እስከ 2005 የተመረተው)፣ ይሄን አንብባችሁ ሂዱ። የምጽፈው ገና ደሜ እንደፈላ ነው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ሶማሌ ተራ፣ አዲስ አበባ ያለው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ አንዴ ገብቶ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። በር ላይ ቁጭ ብሎ «ምን ልስጥህ ወንድሜ» የሚለው፣ ዕቃው እሱ ጋ ባይኖርም ልጅ ልኮ ከሌላ ሱቅ አስመጥቶ «የዱባይ ነው» የሚለው፣ «ለአንተ ስለሆነ ነው» ብሎ የጠራውን ዋጋ የሚቀንሰው። ይሄ ሁሉ የተለመደ ነው፣ አያናድድም። የሚያናድደው ቀጥሎ ያለው ነው።

ኮፈኑን አመጡና መኪናዬ ላይ አጋደሙት። ብሎን አልገባበትም፣ እንዲሁ ተቀምጧል። ልጁ በግራ በኩል፣ ከፊት መብራቱ በላይ ያለውን ጥግ በመዳፉ ደገፍ ብሎ ቆሟል። ለሚያየው ሰው እጁን ያሳረፈ ነው የሚመስለው። ሻጩ በኮፈኑና በፓራፋንጎው (ከፊት ጎማው በላይ ባለው የጎን አካል) መሃል ያለውን ክፍተት በጣቱ እየተከተለ «ይኸው፣ ልክ እንደ ብረቱ» ይላል። ብሩ ተቆጠረ። ወዲያው ደግነት መጣ፦ «የማጠፊያውን ቀዳዳ እኛው በነፃ እንበሳልሃለን፤ ጋራዥ ሄደህ ካልገጠመ ትመልሰዋለህ።» ትራፓኖው (መብሻ ማሽኑ) ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። በዓይን ግምት አራት ቀዳዳ በሱ። መጀመሪያ ነጭ ብናኝ ወጣ፣ ከዚያ ቡናማ፤ እንጨት።

ጋራዥ ውስጥ በብሎን ታስሮ ሲዘጋ፣ ልጁ ተጭኖት የነበረው ጥግ ከፓራፋንጎው 9 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። በቀኝ በኩል ክፍተቱ 2 ሚሊሜትር የማይሞላ፣ በግራ 8። ደህና መኪና ላይ በሁለቱም ጎን እኩል ነው፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ግድም። ቀዳዳዎቹ ጠማማ ስለተበሱ ኮፈኑ ራሱ ዞሮ ነው የተቀመጠው።

ተመልሶ ሱቁ ሲደረስ ሻጩ ከስልኩ ላይ ቀና አላለም። «ፋይበር እኮ ነው፣ እንደ ብረት ሊገጥምልህ ነው?» አለ። ከዚያ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተና አዞረው። «ይሄ ምንድነው? የተበሳ ዕቃ አልቀበልም።» የበሳው የራስህ ልጅ ነው ሲባል «እኔ ልጅ የለኝም፣ የቀን ሠራተኛ ነው» አለ፤ ልጁ እዚያው ከኋላው ቆሞ እየሳቀ። በነፃ የተበሱት ቀዳዳዎች ለዚህ ነበር የተበሱት። ያልተበሳ ኮፈን መመለስ ይቻላል፣ የተበሳ ግን «የተጠቀምክበት» ነው። ዘዴው ይሄው ነው፣ ደግማችሁ አንብቡት።

ኮፈኑ ለምን እንደተጣመመም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም «ባትላሜራ (የመኪና አካል ቀጥቃጭ) ያቃናዋል» ይሏችኋል። ፋይበር ላሜራ አይደለም፣ በመዶሻ አይቃናም። ሞልዱ (ፋይበሩ ቅርጽ የሚይዝበት) የሚወሰደው ከሌላ ኮፈን ላይ ነው። ያ ኮፈን ተጋጭቶ የተጠገነ ከነበረ ጥመቱም አብሮ ይቀዳል። ፋይበሩን የሚያጣብቀው ፈሳሽ፣ ፖሊስተር ሬዚን፣ ደግሞ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በደንብ ሳይበስል ከሞልዱ አውጥተው ግድግዳ ላይ ካስደገፉት፣ በተደገፈበት ጎብጦ ይደርቃል። ማጠፊያው በሚያርፍበት ቦታ በሁለቱ ንብርብር መሃል ላሜራ መቀበር ሲገባው ኮምፖንሳቶ (ስስ እንጨት) ከከተቱበት፣ ብሎን ሲጠብቅ እንጨቱ ይጨፈለቃል፣ ከጊዜ በኋላም ይላላል።

ገዝታችሁ ለተጎዳችሁ፣ የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኮፈኑ ላይ ያለውን የመቆለፊያ ቀለበት ፍቱት። ሳትፈቱ ዘግታችሁት ቀለበቱ ዘንበል ብሎ ከገባ አይከፈትላችሁም፣ ከዚያ ወይ ኮፈኑ ወይ ፊቱ ይሰበራል። የፓራፋንጎዎቹን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሁለት ድርብ ሸፍኑ። ከፊት ያሉትን የጎማ መደገፊያዎች እስከ ታች ድረስ አጥብቁ። ቀዳዳው ጠማማ ከሆነ ሌላ አዲስ አትብሱ፤ ያንኑ በክብ ሞረድ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር አስፉትና ከውስጥ በኩል 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት፣ ከላዩም ሰፊ ሮንዴላ አድርጉ። ብሎኖቹን በጣት ብቻ አስገቡ። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፦ መጀመሪያ ከመስታወቱ በኩል ያለው የኋላ ክፍተት፣ ቀጥሎ የጎን፣ ከዚያ ከፍታ። የኋላው ከፍታ የሚስተካከለው በማጠፊያውና በኮፈኑ መሃል በሚገባ ሮንዴላ ነው፣ የፊቱ በጎማ መደገፊያዎቹ። ብዙ ጋራዥ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል።

የተነሳውን ጥግ በሙቀት ብቻ ማጎንበስ አይበቃም። ፀሐይና የሞተር ሙቀት ሲያገኘው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ትክክለኛው መንገድ ከውስጥ በኩል ያለውን አጥንት (ኮፈኑን የሚያጠነክረውን ድጋፍ) በጥጉ አካባቢ በቀጭን መጋዝ ሁለት ሦስት ቦታ ሰንጠቅ አድርጎ ጉልበቱን መቀነስ ነው። ከዚያ ኮፈኑ መኪናው ላይ እንደታሰረ ጥጉን ከሚፈለገው 2 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ መያዝ፣ ምክንያቱም ሲለቀቅ ትንሽ ይነሳል። ስንጥቁንና አካባቢውን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር ፍቁ፣ በአሴቶን ጥረጉ፣ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሆነ የፋይበር ማት (እንደ ጨርቅ የተነጠፈ ፋይበር) ሁለት ወይም ሦስት ድርብ በሬዚን አልብሱት። ሃርድነር (ማድረቂያው) ለአንድ ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። በክረምት ብርድ «ቶሎ ይድረቅ» ብሎ የሚያበዛ አለ፤ ያ ሬዚን ይግልና ይሰነጠቃል። እስከ ማግስቱ አትንኩት። (ማስክና ጓንት አድርጉ፣ ብናኙ ሰውነት ላይ ሲያሳክክ ይከርማል።)

ክፍተቱ የጠበበበት ጎን በእንጨት ላይ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ግን ጠርዙ ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ሳታዩ አትጀምሩ። የተፋቀውንም ጠርዝ በሬዚን ዝጉት፣ ያለዚያ ውሃ ይጠጣል። ክፍተቱ የሰፋበት ጎን በስቱኮ ብቻ ከተሞላ ኮፈኑ ሁለቴ ሲዘጋ ይረግፋል። የተከተፈ ፋይበር የተቀላቀለበት ሬዚን ነው የሚሆነው፣ እሱም በጣም ከወፈረ አይታመንም። ቀለም ቀቢው ቢቸኩልም ከቀለም በፊት ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ይቆይ፣ የቀረው መሰብሰብ ከቀለሙ በፊት ይለቅ።

መቆለፊያው ላይ አትቀልዱ። ቀለበቱ የታሰረበት ፋይበር ከተቀደደ ኮፈኑ መንገድ ላይ ተነስቶ መስታወቱ ላይ ይገለበጣል። ከፊት ሁለት ተጨማሪ የኮፈን ፒን (ከውጭ የሚቆልፍ መያዣ) አስገቡ።

ይህን ሁሉ ማት፣ ሬዚን፣ የእጅ ዋጋና ፒን ስትደምሩት ያገለገለ የብረት ኮፈን ትገዙበታላችሁ፣ ያውም በፋብሪካ ቀዳዳው የሚገባ።

ምክር ካላችሁኝ፣ ብር ሳትከፍሉ ገልብጡትና ማጠፊያው ቦታ ላይ ማግኔት አስጠጉበት፤ ካልያዘ ላሜራ የለውም። ሱቅ ውስጥ ትራፓኖ እንዳይነካው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፣ ግን ለማስረጃ እንዲሆናችሁ ደረሰኙ ላይ የመኪናውን ሞዴልና «የፋይበር ኮፈን» የሚል አስጽፉ። ለእኔ የተቆረጠው «የመኪና ዕቃ» ብቻ ይላል።