ለግቢ ዓሣ ኩሬ የቱ ይሻላል፦ ቦግ ፊልተር ወይስ የእጽዋት መደብ?

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ዓሣችሁ ብዙ ከሆነ ቦግ ፊልተር፣ ማለትም ፓምፕ ውሃውን በጠጠርና በተክል ሥር የሚያሳልፍበት ገንዳ ሥሩ። ጥቂት ከሆነና ሰፈራችሁ መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድበት ከሆነ ግን የእጽዋት መደብ፣ ማለትም ያለ ፓምፕ በኩሬው ዳር የሚተከል ተክል ይበቃችኋል፣ ገንዘባችሁንም አታባክኑ።

አዲስ አበባ ውስጥ በጠባብ ግቢ ኩሬ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያማርረው ውሃው አረንጓዴ ሆነብኝ ብሎ ነው። ዓሣ የበላውን አሞኒያ አድርጎ ያወጣዋል፣ ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ከዚያም ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፣ ናይትሬቱን ደግሞ ተክል ካልወሰደው አልጌ ይወስደዋል። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ ተክል ግድ ነው።

ቦግ ፊልተር ከኩሬው ጎን የሚሠራ ጠጠር የሞላው ገንዳ ነው። ፓምፕ የኩሬውን ውሃ ከጠጠሩ ሥር በተዘረጋ ብስ ቱቦ ይለቀዋል፣ ውሃው በጠጠሩ መሃል ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ የተተከሉትን ሥሮች አልፎ ተመልሶ ኩሬው ውስጥ ይፈሳል። እያንዳንዱ ጠጠር ባክቴሪያ ይለብሳል፣ ጉልበቱም እዚያ ላይ ነው። ኮይ የሚባለውን ባለቀለም የጌጥ ዓሣ ለሚያረባ ሰው እኔ ሌላ ነገር አልመክርም።

ስፋቱ ከኩሬው ገጽ ከ10 እስከ 30 በመቶ ይሁን፤ ኮይ ከሆነ ወደ 30ው ተጠጉ። 6 ካሬ ሜትር ኩሬ ያለው ሰው 20 በመቶ ቢይዝ 1.2 ካሬ ሜትር ገንዳ ይሆናል፤ ጠጠሩ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲኖረው ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል። ለዚህ ቢያጆ አያስፈልግም፣ በማዳበሪያ ከረጢት ግዙ። የግንባታ ዕቃ ሻጮች 01 የሚሉት ጠጠር ይሆናል፣ ብቻ የድንጋዩ ዱቄት ጨርሶ እስኪለቅ ደጋግማችሁ እጠቡት። አፈርና አሸዋ አትጨምሩበት፣ ይደፈናል።

ችግሩ መብራት ነው። 40 ዋት የሚወስድ ፓምፕ ቀን ከሌት ሲሠራ በወር 29 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል፣ ይሄ ብዙም አይከብድም። የሚከብደው መጥፋቱ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል አካባቢ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ፓምፑ ሲቆም ጠጠሩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ያችኑ ይጨርሳትና ሌሊቱን እንደጠፋ ካደረ ገንዳው የበሰበሰ እንቁላል መሽተት ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ስትሠሩት መመለሻው ላይ ቫልቭ ያለው ሁለተኛ መውጫ አድርጉ፤ መብራት ሲመጣ የመጀመሪያውን ውሃ ወደ አትክልቱ ልቀቁት እንጂ ዓሣው ላይ እንዳትደፉት።

የእጽዋት መደብ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። በኩሬው ዳር ጥልቀት የሌለው እርከን ታበጃላችሁ፣ ቄጤማ ወይም ደንገል ትተክላላችሁ፣ አለቀ። ፊላም ይሆናል፣ ግን ሥሩ ስል ስለሆነ ጂኦመምብሬን (ውሃ እንዳይሰርግ ኩሬው ውስጥ የሚነጠፈውን ፕላስቲክ) ይበሳል፤ በባልዲ ውስጥ ትከሉት። እንቦጭ በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳን እንዳትቀበሉ፣ ጣና ላይ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። የመደቡ ድክመት ውሃውን የሚገፋለት ነገር አለመኖሩ ነው፤ የዓሣው ኩስ ታች ይዘቅጣል፣ ያንን በእጅ ማውጣት አለባችሁ። የደረቀ ቅጠልም ውሃው ውስጥ ከመውደቁ በፊት ይቆረጥ፣ አለበለዚያ የሳበውን ሁሉ መልሶ ይለቀዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ተክሉም ባክቴሪያውም ስለሚያዘግሙ የዓሣውን መኖ ቀንሱ።

የገበያ ፊልተር የሚሉትን ዝግ በርሜል ቦታ ለሌለው ሰው ብቻ ነው የምለው፤ ስፖንጁን ማጠብ ማለቂያ የለውም፣ ናይትሬቱንም አይነካውም።

የቱንም ብትመርጡ የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አትጨምሩ፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ክዳኑ በተከፈተ ሮቶ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይደር። አዲስ ቦግ ፊልተር ደግሞ ባክቴሪያው እስኪራባበት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈልጋልና እስከዚያው ከጥቂት ዓሣ በላይ አታስገቡ።