የአውራ ጣት ጉብታ ቀዶ ሕክምና፦ ለደሴ ዳገት የትኛው ይሻላል?

አክስቴ ከሰኞ ገበያ ስትመለስ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው። በእግሯ አውራ ጣት ሥር የወጣው አጥንት ጫማ አላስገባ ብሏታል። ሰፊ ጫማና የጣት መለያያ ስፖንጅ ሕመሙን ያስታግሱ እንደሆን እንጂ ጣት አያቀኑም። ስለዚህ የቀዶ ሕክምናውን ነገር ማጠያየቅ ያዝን።

ጉብታውን ብቻ ሞርዶ መስፋት ቀላሉ ነው። እኔ ግን አልመክርም። ጉብታው የበቀለ ትርፍ አጥንት አይደለም፤ ከጣቱ በስተኋላ ያለው ረጅም አጥንት ወደ ጎን ሸሽቶ ነው። ያ ካልተመለሰ ጉብታው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይወጣል።

ዋናው ፉክክር ቼቭሮንና ላፒደስ በሚባሉት ሁለት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች መካከል ነው። ቼቭሮን ለቀላልና ለመካከለኛ ጥመት ነው። አጥንቱ በጣቱ አጠገብ ተቆርጦ ወደ ቦታው ይገፋል፣ በብሎን ይታሰራል። ብዙውን ጊዜ ሶሉ ደረቅ በሆነ ልዩ ጫማ፣ በተረከዝ እየረገጡ ቶሎ መንቀሳቀስ ይቻላል። ላፒደስ ጥመቱ ለባሰበት ወይም የእግሩ መሃል መገጣጠሚያ ለላላበት ሰው ነው። መገጣጠሚያው ለዘለቄታው ይቆለፋል። ቀደም ብለው የሚያስረግጡ ሐኪሞች ቢኖሩም፣ በተለምዶ 6 ሳምንት ያህል እግሩ መሬት አይነካም። በክራንች የደሴን ዳገት አስቡት እንግዲህ! ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ዘመድ ያለው ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ እዚያ ቢከርም አያፍርም።

ሦስተኛም አለ፤ የአውራ ጣቱን መገጣጠሚያ ራሱን ማጣበቅ። መገጣጠሚያው በአርትራይተስ ላለቀበት ሰው ጥሩ ነው፣ ሕመሙን ያጠፋል። ግን ጣቱ ከዚያ በኋላ አይታጠፍም። ሰጋጆች ይህን ቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሱጁድ ላይ ጣት ማጠፍ ያስቸግራል። በላፒደስ የሚቆለፈው ሌላ መገጣጠሚያ ስለሆነ አውራ ጣቱ ይታጠፋል።

ምርጫው ታዲያ የእናንተ ብቻ አይደለም። ቆማችሁ ራጅ ተነሱ። ከአውራ ጣቱና ከሚቀጥለው ጣት በስተኋላ ባሉት ሁለት ረጃጅም አጥንቶች መካከል ያለው ማዕዘን በጤነኛ እግር ከ9 ዲግሪ በታች ነው፤ ከዚያ በሰፋ ቁጥር ወደ ላፒደስ ያደላል። ስኳር ካለባችሁ ወይም ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ አትደብቁ፤ ቁስሉም አጥንቱም ለመዳን ይዘገያል። እብጠቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ለመልክ ብቻ ከሆነ ደግሞ ይቅርባችሁ።

አክስቴ ቼቭሮን ይበቃታል ተብላለች። ቀጠሮውን ግን ወደ ጥቅምት አስገፍታዋለች። በክረምት ጭቃ የታሸገ እግር ይዤ የት ልረግጥ ነው ትላለች።